ደንቡ የሠራት አይጥ

በጁን 1979 ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደው ብሔራዊ የኮምፒውተር ጉባኤ መሐንዲሶች ትንንሽ ባለ ጎማ ማሽኖችን በአጫጭር ግድግዳዎች በተሠራ ጥልፍልፍ መንገድ ውስጥ ለቀው፣ መውጫውን እስኪያገኙ ይጠብቁ ነበር (ዓመታቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውድድሩን ከሁለት ዓመት በፊት ያወጀው «ስፔክትረም» የተባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ሲሆን፣ ማሽኖቹን ማይክሮማውስ ብሏቸዋል፤ እኛ አይጥ ብንላቸው ቅር የሚሰኝ የለም። የመጽሔቱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ አይጧ መንገዱን አስቀድማ ሳታውቅ፣ ሽቦ ሳይጎትታት፣ ከውጭ ማንም ሳይመራት በራሷ አእምሮ ትውጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንወዳደራለን አሉ፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ግን 15 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከነዚያም መካከል ከሁሉ ቀድማ የወጣችው ምንም የማታስብ አይጥ ሆነች። ካርታ አትነድፍም፤ የሄደችበትን አታስታውስም፤ ሥራዋ አንዱን ግድግዳ በአንድ ጎኗ ይዛ ሳትለቅ መሮጥ ብቻ ነበር። መግቢያውም መውጫውም በውጨኛው ግድግዳ ላይ ስለተከፈቱ፣ አንዱን ግድግዳ ሳይለቅ የተከተለ ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን መውጣቱ አይቀርም። ብልሆቹ አይጦች ቆም እያሉ ሲያሰሉ ጅሏ እየሮጠች አለፈቻቸው።

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሠሩ ሮቦቶችን ታሪክ የሚተርክ ሰው ይህን እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ጠቅሶ ሊያልፈው ይችላል። ታሪኩ በትክክል መጀመር ያለበት ግን ከዚህ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ባሉት አርባ አምስት ገደማ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ የተሠሩትን ማሽኖች ቅርጽ፣ መጠንና አስተሳሰብ የወሰነው ከሁሉ በላይ የውድድሩ ደንብ ነው። የሻምፒዮኖች ስም ዝርዝር ማን መቼ ዋንጫ እንደወሰደ ይነግረናል፤ ለምን ማሽኑ እንዲያ እንደሆነ ግን አይነግረንም። እሱን ለማወቅ ደንቡን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ደንቡን ደግሞ ብዙ ጊዜ የጻፈው በቀደመው ዓመት የተታለለ ዳኛ ነው። ይህ አባባል የተማሪዎቹን ድካም፣ የመምህራኑን ምክርና የገንዘቡን ጉልበት የሚያሳንስ ሊመስል ስለሚችል፣ ማስረጃውን ቀስ ብሎ መዘርዘር ይገባል።

መጀመሪያ አይጧ ከየት እንደመጣች እንይ። በ1950 በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን ቴሲየስ ብለው የሰየሟትን አይጥ ሠርተው ነበር። ቴሲየስ 25 ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ እየተጋጨች መንገድ ትፈልጋለች፤ አንዴ ካገኘችው በሁለተኛው ዙር ሳትሳሳት ትሄዳለች። የሚደነቀው ነገር ግን አይጧ ውስጥ አልነበረም። እሷ ማግኔት፣ ጥቂት ጎማና የመዳብ ጢም ብቻ ነበረች፤ የሚያስታውሰው ወለሉ ሥር የተደረደረው የስልክ ማዞሪያ ሪሌ ነበር። አእምሮው ከቤቱ ጋር የተሠራ ስለሆነ አይጧን አንስቶ ሌላ ጥልፍልፍ ውስጥ ቢያስገቧት ከድንጋይ አትሻልም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለው ነገር አንድ ሰው በደመወዙ ሊገዛው ወደሚችለው ዋጋ ወረደ፤ ያኔ አእምሮውን ከወለሉ ሥር አውጥቶ አይጧ ጀርባ ላይ መጫን ተቻለ። «ስፔክትረም» ውድድሩን ያወጀው በዚህ ሰዓት ነው። ዕቃው ግን ብቻውን የሚያስብ አይጥ አልወለደም፤ ኒው ዮርክ ላይ የታየው ይኸው ነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ ነበረ፣ ጎበዝ መሐንዲሶችም ነበሩ፤ ደንቡ ግን ለማያስብ ማሽን በሩን ክፍት ትቶ ነበር።

በሩን የዘጉት የእንግሊዙ ፖርትስመዝ ፖሊቴክኒክ መምህር ጆን ቢሊንግስሊ ናቸው። በ1980 ለንደን ላይ ለተካሄደው የአውሮፓ ውድድር ደንቡን ሲያረቁ ያደረጉት ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ግቡ ከውጨኛው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ መሐል ገባ። ጥልፍልፉ 16 በ16 ክፍል ሆነ፤ መሐል ላይ ያለውን ግብ የከበቡት ግድግዳዎች ደግሞ ከውጨኛው ጋር እንዳይነካኩ፣ እንደ ደሴት ተነጥለው እንዲቆሙ ማድረግ ተቻለ። እንግዲህ አንዱን ግድግዳ የያዘች አይጥ ዕድሜዋን ሙሉ ብትዞር መሐሉን አታገኝም። ለመግባት ግድግዳውን መልቀቅ አለባት፤ ግድግዳውን የለቀቀች አይጥ ደግሞ የት እንዳለች ማወቅ አለባት፤ የት እንዳለች ለማወቅ የተጓዘችውን መለካት፣ የዞረችበትን መቁጠርና ሁሉንም መመዝገብ አለባት። ካርታ የምትነድፍ አይጥ የተወለደችው ከዚህ ግዴታ ነው። ያን ዓመት ያሸነፈችው የኒክ ስሚዝ «ስተርሊንግ ማውስ» ዘገምተኛ ነበረች፤ ነገር ግን መሐሉን አግኝታ መድረሷንም ያወቀች የመጀመሪያዋ አይጥ ተብላ ትጠቀሳለች። በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ በገበያ ላይ ያለው ዕቃ ይህን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የግቡ ቦታ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ደንቡን የጻፉት ሰዎች እንኳ ያላሰቡት ነው። ጃፓን በዚያው በ1980 የራሷን ብሔራዊ ውድድር ጀምራ በየዓመቱ ቀጠለች፤ በ1985 በጹኩባ በተካሄደው የዓለም ውድድርም «ኖሪኮ 1» የተባለችው አይጥ አንደኛ ስትወጣ ጃፓኖች የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ጠራርገው ወሰዱ። በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች የአይጥ ክበባት ተቋቋሙ፤ አንጋፋው ተማሪ ለጀማሪው የሚያወርሰው ሥራ ሆነ። ደንቡ ከሞላ ጎደል አልተነካም፦ ክፍሉ 18 ሴንቲ ሜትር በ18፣ የግድግዳው ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2። አይጧ በተፈቀደላት ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ ትፈልጋለች፣ ከዚያ የተማረችውን ይዛ በፍጥነት ትሮጣለች። መንገድ የማስላቱ ዘዴ ቶሎ ተገኘ፤ መሐሉ ላይ ውሃ እንደፈሰሰ ቆጥሮ፣ ውሃው በየክፍሉ የሚደርስበትን ተራ በቁጥር መጻፍ፣ ከዚያም ቁጥሩ ወደሚቀንስበት መውረድ ነው። ማሰቡ እንዲህ ከቀለለ በኋላ ፉክክሩ ወደ ሌላ ዞረ። መንገዱ ግራና ቀኝ እያለ በደረጃ ሲሄድ፣ በየማዕዘኑ ከመዞር ይልቅ በምሰሶዎቹ መካከል ሰያፍ ቀጥ ብሎ ማለፍ እንደሚቻል አንድ ሰው አስተዋለ። በሰያፉ ያለው ክፍተት ግን ከ13 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ አይጦቹ ጠበቡ፣ አጠሩ፤ ከዚያም ሲፈጥኑ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው ትንሽ ቬንትሌተር ተገጥሞ ወለሉን እየመጠጡ የሚሮጡ ሆኑ። ድሮ ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ሩጫ ዛሬ ጥቂት ሰከንዶች ነው። «አይጧ ትነስ» የሚል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለም፤ 18 ሴንቲ ሜትር የሚለው ቁጥር ግን ከነሥር መዘዙ እሱኑ አዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ ሳይለወጥ መቆየቱ የሰጠው ጥቅም ይታያል፤ የአንዱ ዓመት መፍትሔ ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል፣ ዕውቀት ይጠራቀማል። በዚያው በጃፓን ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሐሳብ በቅሎ ነበር። የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ማሳሂሮ ሞሪ፣ ሰውን በጣም መምሰል የጀመረ ሮቦት ሲታይ ስለሚፈጠረው የመሸማቀቅ ስሜት በ1970 በጻፉት አጭር ጽሑፍ ዓለም ያውቃቸዋል፤ በአገራቸው ግን የሮቦት ውድድር አባት የሚባሉት በሌላ ሥራቸው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለተማሪዎቻቸው የሰጡት የቤት ሥራ በባትሪ ድንጋይ ጉልበት የሚሄድ መኪና መሥራት ነበር። ኤን ኤች ኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ይህን ሐሳብ ወስዶ በ1988 ለቴክኒክ ኮሌጆች ውድድር ሲከፍት የመጀመሪያው ዓመት ርዕስ ይኸው ነበር፦ በሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ሰው ተሸክሞ የሚሮጥ መኪና። አንድ አዋቂ ሰው በሁለት የባትሪ ድንጋይ! ቤንዚን የለመደ መሐንዲስ እዚህ ላይ የሚያውቀው ነገር አይረዳውም። ክብደት፣ የጎማ ሰበቃ፣ የማርሽ ብክነት፣ ሁሉም በግራም ይቆጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ርዕሱ ፈጽሞ ሌላ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተለውጧል። ከ1991 ጀምሮም ለዩኒቨርሲቲዎች የተለየ ውድድር ተከፈተ። የዘንድሮው ሻምፒዮን የከርሞን ችግር ከጀማሪው እኩል እንደ አዲስ ያየዋል። ጥልቀት ይጎድለዋል፤ ነገር ግን ማንም በውርስ አያሸንፍም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው መልስ የለኝም፤ የማይለወጠው ደንብ ማሽኑን ያራቅቃል፣ የሚለወጠው ደግሞ ሠሪውን ያላምዳል ብሎ መለየት ግን ይቻላል።

አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ልማድ ሦስተኛ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ ውዲ ፍላወርስ የተባሉት መምህር የመካኒካል ምሕንድስና የንድፍ ትምህርት ተረክበው ለተማሪዎቹ አንድ ዓይነት የቁርጥራጭ ዕቃ ከረጢት እያደሉ፣ ከዚያ ብቻ ማሽን ሠርተው በሴሚስተሩ መጨረሻ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ ያደርጉ ነበር። ፉክክሩ ከጊዜ በኋላ የግቢው ትልቅ ትዕይንት ሆነ፤ ፍላወርስም ኋላ ላይ ዲን ኬመን በ1989 የመሠረቱት ድርጅት ወደሚያካሂደው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር ልምዱን ይዘው ሄዱ። በዚሁ ግቢ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት፣ ራሳቸው የሚያስተምሩትና ራሳቸው የሚዳኙት የጃንዋሪ ወር ውድድር ነበር፤ በኮርስ ቁጥሩ 6.270 ተብሎ ይታወቃል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውድድሩ ከሌጎ በተሠሩ፣ ማንም በሪሞት በማይነዳቸው ሮቦቶች ላይ አተኮረ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበሩት ፍሬድ ማርቲን የተማሪዎቹን አሠራር አጥንተው ያገኙት ነገር ከዋንጫው የሚበልጥ ይመስለኛል። በምሕንድስና ትምህርት የተካኑት ወጣቶች ሮቦታቸውን የሚያቅዱት ዓለም ፍጹም እንደሆነ አድርገው ነበር፦ ሁለት ሰከንድ ወደፊት፣ ግማሽ ሰከንድ ወደ ግራ፣ ከዚያ ኳሷን ያዝ። ባትሪው ሲደክም፣ ወለሉ ሲያንሸራትት፣ ተጋጣሚው ሲገፋ ዕቅዱ በሙሉ ይፈርሳል፤ ተማሪው ግን ጥፋቱን ለመጥፎ ዕድል ይሰጣል። ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ መስመሩን እያየ፣ ስሕተቱን በየቅጽበቱ የሚያርም ማሽን የሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ይዘልቃል። መምህር ይህን በክፍል ውስጥ አሥር ጊዜ ቢናገር አይገባም፤ «ከተለቀቀ በኋላ አትንኩት» የሚለው ደንብ ግን በአንድ ደቂቃ ያስተምረዋል።

እስካሁን ያልኩትን የሚሰማ አንባቢ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። ደንብ ወረቀት ነው፤ ሮቦት የሚሠራው በሞተር፣ በሴንሰርና በገንዘብ ነው። እኛም ዘንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሮቦት ሥራ ሲነሳ የመጀመሪያው ወሬ የዕቃ እጥረት ነው፤ ቦርዱ በዶላር ይገዛል፣ ሲመጣም ጊዜ ይፈጃል። ይህ እውነት ነው፤ ገንዘብ የሚወስንባቸው ውድድሮችም አሉ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በ2004 ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖችን በሞሃቬ በረሃ ሲያወዳድር 15 መኪኖች ተሰልፈው 240 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰ አንድም አልተገኘም፤ የተሻለው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። በ2005 ግን 212 ኪሎ ሜትሩን አምስት መኪኖች ጨረሱ፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ «ስታንሊ» በ6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አንደኛ ወጥታ 2 ሚሊዮን ዶላር ወሰደች። መኪናዋን የሰጠው የፎልክስዋገን ኩባንያ ነበር። እዚህ ላይ ድሃ ክበብ ቦታ የለውም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ገንዘብ እዚያ የከበደው ደንቡ ለወጪ ጣሪያ ስላላስቀመጠ ነው። የገንዘብን ክብደት የሚወስነው ራሱ ደንቡ ነው። የሁለት ባትሪ ድንጋይ መኪና ሀብታሙን ከድሃው አስተካክላለች፤ ከረጢቱም እንዲሁ። ከ1997 ጀምሮ በሚካሄደው ሮቦካፕ በተባለው የሮቦቶች እግር ኳስ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት አንዱ ምድብ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት የፋብሪካ ሮቦት ይዞ እንዲገባ ያዝዝ ነበር፤ ልዩነቱ ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ደግሞ ቬትናም ናት። የኤሽያና የፓስፊክ ብሮድካስተሮች ማኅበር የዩኒቨርሲቲዎች ሮቦት ውድድር በ2002 ቶኪዮ ላይ ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው ከሆ ቺ ሚን ከተማ የመጣ ቡድን ነው፤ እስከ 2018 ባለው ጊዜም የቬትናም ቡድኖች ሰባት ጊዜ አሸንፈዋል። በዚያ ዘመን ቬትናም ከጃፓን፣ ከቻይናና ከኮሪያ ጋር በሀብት የምትወዳደር አገር አልነበረችም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ እነዚህ ማሽኖች መጫወቻ ናቸው የሚል ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ሞተሩ ተፈትቶ ለከርሞ ይቀመጣል፣ የቀረው ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ሕዝብ ምን አገኘ? ብዙዎቹ መጫወቻ መሆናቸውን አልክድም፤ ሆኖም ከመጫወቻው የወጣውን ነገር መቁጠር ያስፈልጋል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድን በሮቦካፕ ትንንሽ ሮቦቶች ምድብ በ1999፣ በ2000፣ በ2002 እና በ2003 አሸንፏል። የዚያ ምድብ ችግር ብዙ ትንንሽ ማሽኖች በጠባብ ሜዳ ላይ ሳይጋጩ፣ በአንድ ዕቅድ፣ በፍጥነት እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። የቡድኑ መሪ መምህር ራፋኤሎ ዳንድሬያ በ2003 ከሁለት ሌሎች ሰዎች ጋር ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ የኩባንያው ሮቦቶች በመጋዘን ውስጥ መደርደሪያውን በሙሉ ተሸክመው ወደ ሠራተኛው የሚያመጡ ናቸው። አማዞን በ2012 ኩባንያውን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የመጋዘኑ ችግር የሜዳው ችግር ነው፤ ኳሱ ብቻ ነው የጎደለው። ከ6.270 ጋር በአንድ ግቢና በአንድ ዘመን ከተሠሩት ትንንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርዶች መካከል ደግሞ በ1998 ለገበያ የወጣው የሌጎ ማይንድስቶርምስ የዘር ሐረግ ይገኛል፤ በየአገሩ ስንት ልጅ ፕሮግራም መጻፍን በእሱ እንደጀመረ ገምቱት። የጀርመኑ ብሬመን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሳተፉበት «ቢ-ሂዩማን» የተባለው ቡድን ደግሞ ባሸነፈበት ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ አላደረገበትም፤ በየዓመቱ ለሁሉም ይፋ ያወጣዋል፤ ተፎካካሪዎቹም ከእሱ ተነሥተው ይሠራሉ።

ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ ተቃውሞ ከራሱ ከመከራከሪያዬ ውስጥ የሚወጣ ነው። ደንብ ሁሉን ከወሰነ ተማሪው ምን ቀረው? ሥራው ደንብ መፈጸም ከሆነ ክበብ ማቋቋም ለምን አስፈለገ? ለዚህ የምሰጠው መልስ ኒው ዮርክ ላይ ያሸነፈችው ጅል አይጥ ናት። ሠሪዎቿ ደንቡን ከጻፉት ሰዎች በተሻለ አንብበውት ነበር። ጸሐፊዎቹ የሚያስብ ማሽን እንጠይቃለን ብለው ያሰቡትን፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል እንደማይጠይቅ አስተዋሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የአንድን ጥያቄ ትክክለኛ ወሰን ማግኘት የምሕንድስና ግማሽ ሥራ ነው። ቢሊንግስሊም ግቡን ወደ መሐል የወሰዱት እነሱ ቀዳዳውን ስላሳዩዋቸው ነው። ሰያፉን መንገድ ያስተዋለው ሰውም ደንብ አልጣሰም፤ ደንቡ ዝም ያለበትን ቦታ ተጠቀመ። እንዲህ ከታየ የውድድር ደንብ ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ሳይሆን በዳኛና በተወዳዳሪ መካከል በየዓመቱ የሚቀጥል ሙግት ነው፤ አንዱ ይከለክላል፣ ሌላው ያልተከለከለውን ያገኛል፣ የመጀመሪያው ተመልሶ ያርማል። ሙግቱ የሚቋረጥባቸው ውድድሮች አሉ፦ ደንቡ የመፍትሔውን ዓይነት ጭምር የሚያዝባቸው፣ ቦርዱ ከነፕሮግራሙ ታሽጎ የሚታደልባቸው፣ ሥራው ስፖንሰሩን ለማስተዋወቅ ከመሰለፍ የማያልፍባቸው። እዚያ ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ተማሪው ምንም አልቀረውም።

ለአፍሪካ አንባቢ ጥያቄው እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል፤ ዕቃው ከየት ይመጣል ከማለት ይልቅ ደንቡን ማን ይጽፋል ወደ ማለት ይሄዳል። በ2012 የጋናው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ መምህርት አዮርኮር ኮርሳና ናይጄሪያ ኢባዳን የተወለዱት የበርክሌዩ ፕሮፌሰር ኬን ጎልድበርግ የአፍሪካ የሮቦቲክስ መረብን መሥርተው አንድ ውድድር አወጡ። ደንቡ አንድ ቁጥር ነበር፦ 10 ዶላር። ለማስተማሪያ የሚሆን ሮቦት ከዚህ ባልበለጠ ገንዘብ ይሠራ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ ታይላንድ ውስጥ የሚሠሩት ቶማስ ቲሊ ሲሆኑ፣ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ እጀታ ፈትተው ጎማ ገጠሙለት፤ በሁለቱ የአውራ ጣት ዘንጎች ላይ ደግሞ ባለ እንጨት ከረሜላ ሰኩ። ሮቦቱ ከግድግዳ ሲጋጭ ከረሜላው ይወዛወዛል፣ ዘንጉ ይነቃነቃል፣ ኮምፒውተሩ ተጋጨሁ ብሎ ያነባል። ጠቅላላ ወጪው 8 ዶላር ከ96 ሳንቲም። ለዚያው ሥራ የሚሸጥ የንክኪ ሴንሰር አለ፤ ጣሪያው 100 ዶላር ቢሆን ኖሮ ከረሜላውን ማንም አያስበውም ነበር።

በኤሽያና ፓስፊኩ ውድድር ደግሞ ደንቡን የሚጽፈው አስተናጋጁ አገር ነው፤ አስተናጋጆቹም ብዙ ጊዜ ከቤታቸው ነው የቀዱት። ጃፓን በ2002 በፉጂ ተራራ ጀመረች፤ ታይላንድ በ2003 የታክሮ ኳስ ጨዋታዋን፣ ቬትናም በ2007 የሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤዋን አመጣች፤ ሕንድ በ2008 ፑኔ ላይ ወጣቶች ተደራርበው ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የእርጎ እንስራ የሚሰብሩበትን በዓል ለሮቦት ጥያቄ አደረገችው። በ2010 ተራው የካይሮ ሆነ። ግብፆች ሮቦቶች ተባብረው ፒራሚድ ይገንቡ አሉ፤ ድንጋዩን ማን ያነሳል፣ ማን ይደረድራል፣ የትኛው ማሽን በራሱ ያስባል፣ የትኛው በሰው ይነዳል የሚለውን ሁሉ እነሱ ወሰኑ። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የዓመቱን ሥራቸውን በአንድ የአፍሪካ ከተማ በተጻፈ ደንብ መሠረት ሠሩ። ዋንጫውን ግን ቻይናዎች ይዘውት ሄዱ።